የቆሮሶዎቹ አሟሟት

ሬሳዎቹ የተገኙት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ፣ በጭብጨባ መሀል ነበር።

የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበሩ ፒክአፕ ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግራ፣ አቧራ ለብሳ ስትደርስ ከበላይ አካል የመጡት እንግዶች ገላቸውን ታጥበው፣ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ርቧቸው ይጠብቁ ነበር። ከፒክአፗ ጀርባ ላይ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጣ ነጭ የማቀዝቀዣ ሣጥን ተጭኗል። ሣጥኑ ውስጥ ትናንት ከጣና የወጡ፣ ለእንግዶቹ ምሳ የታጩ ቆሮሶዎች አሉ። የከተማው የፖለቲካ ካድሬ ጓድ አካሉ ስለ ዘመናዊ የዓሣ አያያዝ «ጥቂት ቃላት» ብሎ ብዙ ቃላት ከተናገረ በኋላ ክዳኑን በገዛ እጁ ከፈተው።

ጭብጨባው ተጀምሮ ነበር። ግን እጅ ሁሉ ወደ አፍንጫ ስለሄደ መሀል ላይ ተቋረጠ።

ከፊት የነበሩት እንግዶች ወደ ኋላ ሸሹ። ከኋላ የነበሩት መሸሻ ቢያጡ ከነልብሳቸው ወደ ፍል ውሃው ተመለሱ። ቆሮሶዎቹ አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ንግግሩ ገና ያላለቀ ይመስል ተጋድመው ቀሩ። የሣጥኑ ውስጥ እንኳን ዓሣ ሊያቀዘቅዝ ሊጥ ኩፍ የሚያደርግ ሙቀት ነበረው።

ከሰዓት ሳይሆን ሾፌሩ አንዳርጋቸው በቁጥጥር ሥር ዋለ።

*

«ይህ ጉዳይ ያንተ ነው፣ መቶ አለቃ ክንዱ» አለ የጣቢያው አዛዥ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንደለጠፈ።

«እኔ እኮ የነፍስ ግድያ መርማሪ ነኝ፣ ሻለቃ።»

«እነሱስ ነፍስ አልነበራቸውም?»

«ይህን ያህል መርማሪ እያለ ለምን እኔ?»

«አፍንጫ ስለሌለህ።»

እውነት ነው። መቶ አለቃ ክንዱ በስንት ዓመት ጉንፋን ማሽተት የሚባለውን ነገር ካጣ ቆይቷል። ሚስቱ ሽቶ መግዛት ያቆመችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሌላው ፖሊስ ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሲያይ፣ ክንዱ ብቻውን በጣቢያው ግቢ ወደቆመችው ፒክአፕ ሄደ።

ቆሮሶዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አያቸው። የጩቤ ምልክት የለም። የመርዝ ምልክት የለም። ሣጥኑ አልተሰበረም፣ ሽቦው አልተቆረጠም፣ ክዳኑ በደንብ ይገጥማል። ጋቢናው ውስጥ ከመሪው በስተቀኝ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከጎኗም የቡና ፍሬ የምታክል ቀይ አምፖል አለች። አምፖሏ ጠፍታለች። ይህ ምንም አይነግርም፤ የያዙት ፖሊሶች «ፈንጂ ቢሆንስ» ብለው የባትሪውን ሽቦ ነቅለውታል። ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ የቆሎ ፍርፋሪ ተበትኗል።

ፍርፋሪውን በጣቱ እየለቀመ ሳለ ጓድ አካሉ መጣ። ካኪ ልብሱ ተተኩሷል፤ ፊቱ ግን አልተተኮሰም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ዓሣ ተበላሸ ብለህ እንዳትጀምረው። ይህ የተደራጀ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው።»

«ማን አደራጀው?»

«አስብ እንጂ! ሾፌሩ ማነው? የወለተ ኪዳን አማች። ወለተ ኪዳን ማናት? ምግብ ቤት ያላት ንዑስ ከበርቴ። የእኛ ዓሣ ሣጥን በተከደነ በደቂቃዎች ውስጥ የእሷ የበግ ወጥ ድስት ተከፈተ። እንግዶቹ ምን በልተው የተመለሱ ይመስልሃል?»

«ጣፈጣቸው?»

«ጣቶቻቸውን ላሱ!» አለ ጓድ አካሉ በምሬት። «ሰኞ ጧት ሰውየውን ከነፋይሉ ወደ በላይ አካል ይዤው እሄዳለሁ። አንተ እስከዚያ ድረስ ማን እንዳዘዘው ብቻ አጣራ። ማድረጉንማ አድርጎታል።»

ክንዱ የለቀመውን ፍርፋሪ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወደ በላይ አካል የሄዱ ፋይሎች ሲመለሱ አይቷል። «አሻጥረኛ» ተብለው አብረው የሄዱ ሰዎች ሲመለሱ ግን አላየም።

*

አንዳርጋቸው ከእስር ክፍሉ ሲወጣ ቀበቶውንም የጫማውን ማሰሪያም ተቀብለውት ስለነበር፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ ይምላል።

«በልጄ ሞት ጋሼ ክንዱ! አላጠፋሁትም!»

«ሣጥኑ ግን ሲከፈት ሙቅ ነበር።»

«እሱን ሣጥኑን ይጠይቁት። ቀዩ መብራት ከማኅበሩ ግቢ ስወጣ ጀምሮ ወንዛዬ እስክደርስ ቦግ እንዳለ ነው። መንገዱን ትቼ እሱን እያየሁ ነው የነዳሁ። ሐሙሲት ላይ አህያ ልገጭ ምንም አልቀረኝ!»

«መንገድ ላይ ቆመሃል?»

«የት ልቁም? ሽንቴን እንኳ ይዤ ነው የደረስሁ። ጓድ አካሉ ሰዓት ይዞ እየጠበቀኝ!»

«መብራቷን ማን ገጠማት?»

«አምሐ የሚሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን። ሣጥኑ ከውጭ ሲመጣ መብራት የለውም። እኔ ጋቢና ተቀምጬ ከኋላ ይሥራ ይቁም በምን ዓይኔ አያለሁ? በዚህች ሞተር ጩኸት እንኳን ማቀዝቀዣ የራሴን ሐሳብ አልሰማም። ጓድ አካሉ ‹ሾፌሩ እፊቱ ላይ የሚያየው ምልክት ይደረግለት› ብሎ አዘዘ። አምሐ ዓርብ ከሰዓት ገጥሞ፣ ሣጥኑንም ሲያቀዘቅዝ አውሎ አመጣልን። ከዚያ ምርቃት ሆነ። የኪነት ቡድኑ ከበሮውን ደለቀው፣ ጓድ አካሉ ንግግር አደረገ፣ መብራቱን አብርቶ ተጨበጨበለት። ዓሣው ገባ፣ ተቆለፈ። በቃ።»

«ሌሊቱንስ?»

«አባባ መርስዔ ኀዘን ጠበቁ። ጧት መጥቼ ቁልፉን ባዞረው በአንዴ ተነሣች። እኔም ገረመኝ። አሮጌ ባትሪ ናት፤ ሌላ ቀን ሰው ለምኜ እያስገፋሁ ነው የማስነሣት። ‹ዛሬ የልማት ቀን ነው፣ ገብቷታል› አልሁ።»

ክንዱ ራሱን ነቀነቀ። አንዳርጋቸው ሱሪውን ከፍ አድርጎ ያዘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰኞ ሊወስዱኝ ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«ገና እሑድ አለ» አለው ክንዱ።

*

እትዬ ወለተ ኪዳን የአማቿን ምሳ በነጭ ጨርቅ አስራ በጣቢያው በር ገባች። ዘቡ «ፍተሻ!» ሲላት «ፈትሸህ የቀመስህ እንደሆነ ግን ወዮልህ» ብላው አለፈች።

ክንዱ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እትዬ፣ የበግ ወጡ ወንዛዬ የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር የተጫነው በማለዳ ነው። ስለዚህ በጉ የታረደው ዓርብ ነው።»

«ዓርብ ማታ። ጠቦት ነው። ምነው፣ ጠነከረባቸው?»

«ዓሣው የተከፈተው ቅዳሜ ነው። እንደሚበላሽ ዓርብ ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? የመንግሥት ግብዣ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ በጌን አረድሁ።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

እትዬ ወለተ ኪዳን ልጅ ፊደል እንደምታስቆጥር ሆና ታስረዳው ጀመር።

«የመስኖው ፓምፕ ሲመረቅ ኮርማ ይታረዳል ተባለ። ኮርማው በከበሮው ደንብሮ ወደ ጢስ ዓባይ ተሰወረ። እንግዶቹን ማን አበላ? እኔ። የወተት ልማቱ ሲመረቅ ላሞቹ ደረሱ፣ ወተቱ አልደረሰም። ማን አበላ? እኔ። የዳቦ ቤቱ ምርቃት ዕለት ንግግሩ ሳያልቅ እሳቱ አለቀ። ማን አበላ?»

«እርስዎ።»

«የመንግሥት ግብዣ ሰምቼ ያረድሁት በግ እስከ ዛሬ አድሮብኝ አያውቅም። ይህ ወንጀል ከሆነ አገር የሚያውቀው ወንጀል ነው።»

ክንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ከዚያ ፊቱን አኮሳትሮ፣ «ይህን ለጓድ አካሉ ብነግረው እርስዎንም ያስርዎታል» አላት።

«አትነግረውማ! ይልቅ ና ቅመስ።» ጨርቁን ፈትታ አጎረሰችው። እየጎረሰ ሳለ ዓይኗ በአንዴ እንባ አቀረረ። «ልጄ እህል አልቀምስ ብላ ወድቃለች። ሕፃኑ አባቱን ይጠራል። ታወጣዋለህ?»

«እኔ እውነቱን ነው የማወጣ፣ እትዬ።»

«እውነቱ ይቆይህ። ልጁን አውጣው።»

*

የማኅበሩ ግቢ ሐይቁ ዳር ነው። የደንገል ታንኳዎች አፋቸው ወደ ላይ ተደግፈው ይደርቃሉ። አባባ መርስዔ ኀዘን በትልቅ የወታደር ካፖርት ተጠቅልለው አንዱ ታንኳ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አባታቸውም አያታቸውም ከጣና ደሴቶች በአንዱ መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ግን ዘመኑ ዘመን ሆኖ ከዜማው ወደ ጥበቃው ገብተዋል።

«አባባ፣ ዓርብ ሌሊት ተኝተዋል?»

«ሎቱ ስብሐት! ዓይኔን ጨፍኜ እንደሆነ ጣና ይመስክር።»

«ማን ወደ መኪናዋ ቀረበ?»

«ነፍስ ያለው አልቀረበም። ከአጠገቧ ንቅንቅ አላልሁም።»

«ከአጠገቧ ነው ከውስጧ?»

አባባ መርስዔ ኀዘን የካፖርታቸውን ቁልፍ መቁጠር ጀመሩ።

ክንዱ መዳፉን ከፈተ። «ጋቢናው ውስጥ ቆሎ አገኘሁ። አንዳርጋቸው ከፊት ጥርሱ በቀር የረባ ጥርስ የለውም፣ ቆሎ አይበላም። ውስጥ ገብተው ምን ሲያደርጉ አደሩ?»

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ። ከሐይቁ በስተቀር የሚሰማ እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ከካፖርታቸው ውስጥ ቆዳው ያረጀ ዳዊት አወጡ።

«ፋኖሱ ጋዝ የለውም። ማኅበሩ ‹ይመጣል፣ ይመጣል› እያለ ሁለት ፋሲካ አለፈ። መብራቷን ሳያት ጊዜ… ቀይ ናት፣ ግን ለዳዊት ትበቃለች። ገብቼ አጠገቧ ቁጭ አልሁ። ይኸው ነው በደሌ። ካድሬው ከሰማ ‹በጥበቃ ሰዓት ጸሎት› ብሎ ከሥራ ያስወጣኛል፣ ልጄ።»

ክንዱ በረጅሙ ተነፈሰ። ከቆሎው ጀርባ ነፍሰ ገዳይ ሲጠብቅ ንጉሥ ዳዊት ወጣ።

«ካድሬው አይሰማም። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። መብራቷ ሌሊቱን ሙሉ በርታ ነበር?»

«አንዴም አልተርገበገበችም! መቶ ኀምሳውን መዝሙር ከነጸሎተ ነቢያቱ በእሷ ነው ያደረስሁ።»

«የሣጥኑ ጩኸት ንባቡን አላናጠበዎትም?»

«የምን ጩኸት?»

«የማቀዝቀዣው ሞተር።»

«ኧረ እሱስ ጨዋ ዕቃ ነው! ጭጭ። ማዶ ያሉት ጉማሬዎች ሲተነፍሱ እሰማ ነበር እኮ።»

ክንዱ የቆሎውን ፍርፋሪ ሳያውቀው አፉ ውስጥ ጨመረና ቆረጠመው። ሾፌሩ መብራቷ በርታለች ብሎ ይምላል። ዘበኛው መብራቷ በርታለች ብሎ ይምላል። ሁለቱ ሳይገናኙ አንድ ዓይነት ውሸት ለመዋሸት ከማኅበሩ የበለጠ መደራጀት ያስፈልጋቸው ነበር። ታዲያ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሞተር እንዴት አይሰማም? ያረጀውን ባትሪ ሲጠባ አድሮስ መኪናዋ እንዴት በአንድ ቁልፍ ትነሣለች?

*

እሑድም ቢሆን ፋብሪካው አያርፍም። አምሐ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጸጉሩን አፍሮ አበጥሮ፣ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሶ፣ ፒንሳውን እንደ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሰክቶ መቶ አለቃውን በሽመናው አዳራሽ በር ላይ ተቀበለው። ማሽኖቹ የሚያሰሙት ጩኸት ጥርስ ያነቃንቃል። ሁለቱም እየጮኹ ነው የሚነጋገሩት።

«ያቺን መብራት አንተ ነህ የገጠምሃት?»

«ሌላ ማን ይችላል? እዚህ ከተማ ጓድ፣ አንድ አምፖል ለመግጠም አንድ ጥቅል ሽቦ የሚጨርሱ ናቸው ያሉት! እኔ በሁለት ቁራጭ ሽቦ፣ እያንዳንዷ ስንዝር እንኳ በማትሞላ፣ ጨረስኩት። አንዷን ከማብሪያው በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋን በዚያ ጫፍ። በቃ! እስከ ሣጥኑ ድረስ መጎተት የለ፣ ቦዲ መብሳት የለ። ሽቦ በዚህ ዘመን ከየት ይመጣል?»

«ሞክረሃታል?»

«እንዴ! እዚሁ በር ላይ አሥር ጊዜ አብርቼ አጥፍቻታለሁ። ሣጥኑን እጄን ከትቼ ነው ያየሁት፤ ጣቴ ደንዝዞ ሻይ ብርጭቆ ነው ያሞቀልኝ። ሲያቀዘቅዝ ነው ያስረከብኳቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው እኔን አይመለከትም፤ ዓርብ ማታ ፈረቃ ነበርኩ፣ የሽመና ክፍል ሠራተኛ በሙሉ ይመስክርልኝ!»

«ከአንዳርጋቸው ጋር ጠብ አለህ?»

«ከአንዳርጋቸው ጋር ማን ይጣላል? ራሱ ከራሱ ጋር ተጣልቶ ጨርሷል።»

ክንዱ ሊሄድ ዘወር ሲል ከአዳራሹ መሀል አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። ረድፍ ሙሉ ማሽን ይርገበገባል። ከእያንዳንዱ በላይ አንዲት ቀይ አምፖል ተንጠልጥላለች። ሁሉም ጠፍተዋል፤ አንዷ ብቻ ቦግ ብላለች። አንዲት ሴት ሠራተኛ ስታያት ሮጠች፣ አጎነበሰች፣ የተበጠሰ ክር ቋጠረች፣ ዘንጉን ገፋችው። ማሽኑ እንደገና መርገብገብ ጀመረ።

ክንዱ ጮክ ብሎ ጠየቀ፦ «ያቺ ማሽን ምን ሆና ነው?»

«ክር ተበጥሶባት ነዋ! እዚህ ቤት የቆመውን ነው እንጂ የሚሠራውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?» አለ አምሐ፣ እየሳቀ።

መቶ አለቃው አፍንጫውን በአውራ ጣቱ አሻሸ። የሆነ ነገር የሸተተው ሰው ይመስል ነበር።

«አምሐ፣ ከእኔ ጋር ወደ ጣቢያ ትመጣለህ።»

የአምሐ አፍሮ ዝቅ ያለ መሰለ። «ታሰርኩ ማለት ነው?»

«ገና አልታወቀም። ፒንሳህን ያዝ።»

*

ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ሁሉም በጣቢያው ግቢ ተሰበሰቡ። ዓሣው ተቀብሯል፤ ሣጥኑ በሳሙና ታጥቧል፤ እንዲያም ሆኖ ከክንዱ በስተቀር ሁሉም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆሟል። አንዳርጋቸው ሱሪውን ይዟል። እትዬ ወለተ ኪዳን ጨርቋን ይዛለች። አባባ መርስዔ ኀዘን የካፖርታቸውን ደረት፣ ዳዊቱ ባለበት በኩል፣ ግጥም አድርገው ይዘዋል።

«ማን እንዳዘዘው ደረስህበት?» አለ ጓድ አካሉ።

«ደርሻለሁ። መጀመሪያ ግን የዓርቡን ምርቃት እንደገና ማየት ፈለግሁ። ከኪነት ቡድኑ በስተቀር።»

አምሐ የባትሪውን ሽቦ መልሶ አሰረ።

«አሁን ዓርብ ባስረከብሃቸው ጊዜ እንደነበረው አድርጋት» አለው ክንዱ።

አምሐ ጋቢናው ውስጥ እጁን ሰድዶ ማብሪያዋን አንዴ ነካ። የሣጥኑ ሞተር ከኋላ እምምም ማለት ጀመረ። እትዬ ወለተ ኪዳን መዳፏን በሣጥኑ ጎን ላይ አሳረፈችና፣ «ይንቀጠቀጣል! በሕይወት አለ!» አለች።

«ጓድ አካሉ» አለ ክንዱ፣ «ዓርብ መኪናዋ ወደ ምርቃቱ ስትመጣ መብራቷ እንዴት ነበረች?»

«ጠፍታ ነበር! ይኸው እንግዲህ አሻጥሩ!» ጓድ አካሉ ደረቱን ነፋ። «ሁሉም ሲጨፍር እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ‹ማን አጠፋው?› ብዬ በዚህ እጄ አበራሁት። ሕዝቡ ሁሉ አይቷል። ነቅቼ ባልጠብቅ ኖሮ ዓሣው ዓርብ ማታውን ነበር የሚያልቀው!»

«እስቲ እንደዚያን ዕለቱ አድርገው ያሳዩን።»

ጓድ አካሉ ወደ ጋቢናው ጎንበስ አለ። በእርግጥም መብራቷ ጠፍታለች። ፊቱን ወደ ተሰብሳቢው መልሶ፣ ሊያጨበጭቡለት ይችላሉ በሚል ተስፋ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ማብሪያዋን ተጫናት።

ቀይዋ አምፖል ቦግ አለች።

ሣጥኑ እምምም… እም… አለና ዝም አለ።

የዓሣ አሞራ ከሐይቁ በኩል ጮኸች። ጓድ አካሉ ማብሪያዋን መልሶ ተጫናት። መብራቷ ጠፋች፤ ሣጥኑ እምምም አለ። ተጫናት። መብራቷ በራች፤ ሣጥኑ ሞተ። ፍጥነቱን ጨመረ፤ ምናልባት ድንገት ቢይዛቸው አብረው ይበሩለት እንደሆነ። አልተያዙለትም።

«ኧረ ተዉ ጓድ፣ ማብሪያው ይቃጠላል!» አለ አምሐ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሲቆም ይበራል፣ ሲሠራ ይጠፋል። ታዲያ መብራት ሌላ ምን ሥራ አለው?» አምሐ ከልቡ ነበር የተገረመው። «ፋብሪካችን ውስጥ ሁሉም እንዲህ ነው። ቀይ ከበራ ማሽን ቆሟል፣ ሩጥ ማለት ነው። ለሾፌሩም እንደዚያ ነው የገጠምኩለት፤ ሣጥኑ ሲቆምበት እንድትጠራው።»

«ለማን ነገርህ?» አለው ክንዱ።

«ማንም አልጠየቀኝማ! ልናገር አፌን ስከፍት ከበሮው ተመታ። ከዚያ ፈረቃዬ ደረሰና ሄድኩ።»

«መኪናዋ ውስጥ ዳ…» ብለው ጀመሩ አባባ መርስዔ ኀዘን። ቶሎ ዋጡትና፣ «…ዳር ዳሩን ስዞር ነው እንጂ እኔም አይቻታለሁ፣ በርታ ነው ያደረች» ብለው ጨረሱ።

«ጥሩ ምስክር ናቸው» አለ ክንዱ። «መብራቷ ‹ቆሟል፣ ቆሟል› ስትል አደረች። ማንም አልሰማት እንጂ። ባትሪውን የጠባው ሞተር ስለሌለ መኪናዋም ጧት በአንዴ ተነሣች። አንዳርጋቸው ያለው በሙሉ እውነት ነው።»

የጓድ አካሉ ጣት እንደ መርፌ አምሐ ላይ ተቀሰረ። «እንግዲያው አሻጥረኛው ይህ ነው! ይታሰር!»

አምሐ ወደ ፒንሳው አየ፣ ወደ በሩ አየ። ክንዱ ግን ከመሀላቸው ገባ፤ ድምፁም እንደ ቡና ላይ ወሬ ለስላሳ ነበር።

«ማሰሩስ ይታሰር፣ ጓድ አካሉ። ግን እርስዎ ያሉኝ አሻጥር ማለት ማቀዝቀዣውን ማጥፋት ነው። አምሐ ሲሠራ ነው ያስረከበው። ሲሠራ የነበረውን ሣጥን ያጠፋው ሰው ማነው ብለው ከበላይ አካል ቢጠይቁኝ… የኪነት ቡድኑ በሙሉ አይቷል። ማኅበሩ አይቷል። ጭብጨባም አለበት።»

ከአጥሩ ማዶ አንድ ፖሊስ ሳቅ አፈነ፤ አፍኖም አልቻለም።

ጓድ አካሉ ጣቱን አጠፈ። ቀጥሎም እጁን። ቀጥሎ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶበት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

*

ቢሮው ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ። ጓድ አካሉ የካኪ ኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ። ያለ ንግግር ሲታይ ሃያ ስምንት ዓመት እንኳ የማይሞላው፣ ልብሱ ሰፋ ያለበት ልጅ ነበር።

«እና… እንዴት ይሆናል?» አለ።

«ምኑ?»

«ፋይሉ። እንግዶቹ ‹ዓሣው ምን ሆኖ ነው?› ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አንድ ምክንያት መስጠት አለብኝ። ምክንያት ከሌለ… እኔኑ ነው የሚጠይቁት።»

ክንዱ እስክሪብቶውን አነሣ። ልጁ የፈታውን ቁልፍ መልሶ ሲቆልፍ አየ። ሰኞን አሁን የፈራው ሌላ ሰው ሆኗል። ክንዱ ይህን ሲያይ ደስ ይለኛል ብሎ አስቦ ነበር፤ ያሰበውን ያህል ግን ደስ አላለውም።

«ሾፌሩ ዛሬ ይለቀቃል» አለ።

«ይለቀቅ።»

«አምሐ ወደ ፈረቃው ይመለሳል። እትዬ ወለተ ኪዳን አትጠየቅም። የማኅበሩ ዘበኛ ፋኖስ ጋዝ ይሞላለታል።»

«ጋዙ ደግሞ ምን አገናኘው?»

«ይሞላለታል።»

«ይሞላለት።»

ክንዱ ጻፈና አነበበለት፦ «‹በተደረገው ጥብቅ ምርመራ ቆሮሶዎቹ የሞቱት ከውሃ በመውጣታቸው ምክንያት መሆኑ ተረጋግጧል።›»

ጓድ አካሉ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። ቀስ በቀስ ቀለሙ ተመለሰ።

«ሐቅ ነው» አለ። «ሳይንሳዊም ነው። ግን መቶ አለቃ… ‹በገዛ ፈቃዳቸው› የሚል ብንጨምርበትስ? አለዚያ ማን አወጣቸው የሚል ጥያቄ ይመጣል።»

ክንዱ ቀና ብሎ አየው። ልጁ እየቀለደ አይደለም።

«‹በገዛ ፈቃዳቸው ከውሃ በመውጣታቸው›» ብሎ ጻፈ መቶ አለቃው፣ ከሥሩም «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» አለና ማኅተሙን ረገጠበት።

ግቢው ውስጥ አንዳርጋቸው ከተረኛው ፖሊስ ፊት ቆሟል። ተረኛው የእቃ መሳቢያውን እየበረበረ ቀበቶውን ይፈልግለታል።

«ነፃ ነህ» አለው ክንዱ ከበሩ ላይ። «ዓሣዎቹ ራሳቸውን አጥፍተዋል።»

«ማለት… ልሂድ? አሁን? ወደ ቤት?»

«ወደ ቤት።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ሥራ ትገባለህ።»

ተረኛው «ቆይ፣ ቀበቶህ! የጫማህ ማሰሪያ!» ብሎ ሳይጨርስ አንዳርጋቸው በሩን አልፏል። በመንገዱ ዘንባባዎች መሀል፣ ሱሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ያልታሰሩ ጫማዎቹን እየጎተተ፣ ለእሑድ ሽርሽር የወጣውን ሕዝብ ለሁለት እየከፈለ ይሮጣል።

እትዬ ወለተ ኪዳን ከኋላው እየሳቀችም እያለቀሰችም ቀሚሷን ሰብስባ ትጮኻለች፦

«ኧረ ቀስ በል አንተ ልጅ! ቤቱ የትም አይሄድብህም!»

እሱ ግን በዚህ ነገር ማንንም የሚያምን አልነበረም። አንደኛው ጫማው መንገዱ ላይ ቀረ። ሊያነሣው አልተመለሰም።